በካፋ ጭቃ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና የትኛው ጎማ?

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ አልፎ በክልል ከተሞችም መታየት ጀምሯል። ካፋ ደግሞ ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የማይለየው አገር ነው። የሚከተለው ምልልስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን በካፋዋ ቦንጋ በሚኖሩ አዛውንትና ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና በገዛ ወጣት የቡና ነጋዴ መካከል የተደረገ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ጎማ ልቀይር ነውና ላማክርዎ ነው የመጣሁት። ኦስሎ ያለው የአክስቴ ልጅ «የበረዶ ጎማ ግዛ፤ እኛ በኤሌክትሪክ መኪና ተራራ የምንወጣው በሱ ነው» አለኝ። አንድ ሻጭም አራት የበረዶ ጎማ በቅናሽ እሰጥሃለሁ ብሎኛል።

አዛውንቱ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ተቀመጥ ልጄ። የአክስትህ ልጅ ለሚኖርበት አገር ትክክል ነው። ኖርዌይ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚነዱ ያውቁበታል። ግን የበረዶ ጎማ ጉልበቱ ጥርሱ ብቻ አይደለም፤ ላስቲኩም ነው። ተራ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ እየወረደ ሲሄድ ይደርቅና መንገድ መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ በዚያ ብርድ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ቦንጋ ላይ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም እዚያ ድረስ መውረዱ ብርቅ ነው። ያንን ለስላሳ ላስቲክ በቀን ሙቀት ጎጀብ አስፋልት ላይ ብትነዳው እንደ ላጲስ ተፈግፍጎ ያልቃል፤ ድንገት ፍሬን ስትይዝና ስትታጠፍም ይዋልልብሃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ የተራራ ሥዕል ያለበትን ጎማ ሁሉ ልተወው?

አዛውንቱ፦ ሁሉንም አይደለም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተሥሎ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ካለበት፣ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ይህ ምልክት በበረዶ ጎማ ላይም፣ ለዓመቱ ወቅት ሁሉ በተሠሩ አንዳንድ ጎማዎች ላይም ይገኛል። ስለዚህ ሻጩን «ይኸ የበረዶ ጎማ ነው ወይስ የሁሉም ወቅት?» ብለህ ጠይቀው። የበረዶ ከሆነ ይቅርብህ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ካየህ ደግሞ ለጭቃና ለበረዶ ማለት ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው የጥርሱን አቀራረጽ አይቶ ራሱ የሚጽፈው እንጂ በፈተና የሚያገኘው ማዕረግ አይደለም። ብቻውን አትመነው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ እኛ በረዶ የለንም። ጭቃችን ግን ከበረዶ ያንሳል?

አዛውንቱ፦ አያንስም፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የካፋን ቀይ አፈር አንተም ታውቀዋለህ። ከላይ ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ ጎማ ሲረግጠው ደግሞ ጥርሱ መካከል ገብቶ ይሞላል። ጥርሱ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ጎማ ሁለት ዙር ሳይዞር ጭቃ ለብሶ መላጣ ይሆናል። ለጭቃ የሚበጀው በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን የሚያጸዳ ነው። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ብዙውን ጊዜ የምትነዳው የት ነው?

ወጣቱ፦ ብዙው ቦንጋና ጅማ ነው፤ አስፋልት። አንዳንዴ ወደ ሚዛን እሄዳለሁ። ቡና ሲደርስ ግን ወደ ማንኪራና ወደ ዴቻ ቀበሌዎች እገባለሁ፤ ያኛው ጥርጊያ መንገድ ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲህ መልሱ እዚያው ነው። ለምትውልበት መንገድ ጎማ ትገዛለህ፤ አልፎ አልፎ ለምትገባበት መንገድ ደግሞ ዘዴ ትይዛለህ። ከገበያው አራት ዓይነት ታገኛለህ። አንደኛው የአስፋልት ጎማ ነው፤ ፀጥተኛ ነው፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ጭቃ ላይ ግን አቅም የለውም። ሁለተኛው የሁሉም ወቅት ጎማ ነው፤ ዝናብ ላይ ጥሩ ነው፣ ቀላል ጭቃም ይችላል። ሦስተኛው «ኤ ቲ» የሚባለው ነው፤ ኮረኮንችና ጭቃ ይችላል፣ ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ አንድ ቻርጅ የሚያስኬድህንም ርቀት ይቀንሳል። አራተኛው «ኤም ቲ» የጭቃ ጎማ ነው፤ እሱ ለፒክአፕና ለላንድክሩዘር ይሁን፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ለአንተ መኪና አደጋ ነው። ለአንተ ሁለተኛው ይበቃሃል። ከሳምንቱ አብዛኛው ቀን ጥርጊያ ላይ የሚውል ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ሦስተኛውን እመክረው ነበር።

ወጣቱ፦ ቪትዝ እያለኝ የነበረውን ዓይነት ጎማ ብገዛስ? ርካሽ ነበር።

አዛውንቱ፦ እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቪትዝ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነበረች። ይቺ ባዶዋን ከ1,600 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ወለሏ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ነው ያከበዳት። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ጎማውን ይፍቀዋል። የጎማ አምራቾች የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ከሌላው እስከ 20 በመቶ ፈጥኖ ሊያልቅ ይችላል ይላሉ። ና ውጭ እንውጣና ጎንዋን አንብብልኝ።

ወጣቱ፦ «215፣ 55፣ አር፣ 18» ይላል። ቀጥሎ «99 ቪ»፣ ከዚያ «ኤክስ ኤል»።

አዛውንቱ፦ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 118 ሚሊ ሜትር። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ዋናው 99 ነው፤ አንዱ ጎማ 775 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በዚሁ መጠን 95 የሚል ጎማም ገበያ ላይ አለ፤ እሱ 690 ኪሎ ነው የሚችለው። ሻጩ «ልኩ አንድ ነው» ቢልህ እውነቱን ነው፣ አቅሙ ግን አንድ አይደለም። «ኤክስ ኤል» ማለት ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ ማለት ነው። መኪናዋ ይዛው ከመጣችው ቁጥር በታች እንዳትወርድ፤ ቡና ጭነህ ኮረኮንች ላይ ስትገባ ፍርዱን የሚሰጠው ያ ቁጥር ነው።

ወጣቱ፦ ቪ ምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ የፍጥነት ጣሪያው ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እኛ አገር እሱ አያሳስብህ። ይልቅ እዚያው ጎኑ ላይ «ትራክሽን» የሚል ጽሑፍ ፈልግ። ከጎኑ «ኤኤ»፣ «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ሲ» ይጻፋል። እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግርህ ነው። ለካፋ «ኤኤ» ወይም «ኤ» ውሰድ። ከዚያ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እይ። 2323 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ በቅናሽ የሚሰጥህ ለዚያም ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ፦ ቸርኬውስ? ጓደኞቼ 19 ቢሆን ያምራል ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ማማሩን ያምራል። ቸርኬ ባደገ ቁጥር ግን የጎማው ጎን ያጥራል፤ ጎኑ ሲያጥር ጉድጓድ የሚመታው ቸርኬውን ነው። እኔ ብሆን ወደ ታች ነው የምሄደው። ፋብሪካው ለሞዴልህ 17 ቸርኬ ከፈቀደ 215፣ 60፣ አር፣ 17 ጎማ ማሠር ትችላለህ። የጎኑ ቁመት 129 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን ከአሁኑ እምብዛም ስለማይለይ የፍጥነት መለኪያህን አያዛባም። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያሉት ግን የኋላ ጎማቸው ከፊተኛው ይሰፋልና የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም፤ የዚያ መኪና ባለቤት ከመግዛቱ በፊት ሁለቱንም ልክ መጻፍ አለበት።

ወጣቱ፦ ጭቃ ውስጥ ስገባስ ምን ላድርግ? ባለፈው ዳገት ላይ ትንሽ ብረግጣት እዚያው ትሽከረከራለች።

አዛውንቱ፦ ሞተሯ ጉልበቱን በአንዴ ስለሚሰጥ ነው። መኪናዋ የመንጃ ዓይነት መምረጫ አላት፤ «ስኖው» የሚለውን ምረጥ። የበረዶ ጎማ አያስፈልግህም፣ የበረዶዋ ቁልፍ ግን ጭቃ ላይም ትጠቅምሃለች። ጉልበቱን ቀስ አድርጋ ነው የምትለቀው። ጭቃው ጥልቅ ሆኖ መኪናዋ ኃይል እየቆረጠች ከቆመችብህ ትራክሽን ኮንትሮሉን ለጊዜው አጥፋው፤ ስትወጣ መልሰው። ለባሰው ቀን ደግሞ የጎማ ሰንሰለት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይኑርህ። ያንተ የምትጎትተው በፊት እግሯ ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚታሠረው ከፊት ነው፤ አስፋልት ስትደርስ ወዲያው ይፈታል።

ወጣቱ፦ ቁልቁለት ላይስ?

አዛውንቱ፦ እግርህን ስታነሣ ራሷን እየያዘች ባትሪ የምትሞላው ነገር አለ አይደል? ደረቅ አስፋልት ላይ ወርቅ ነው፤ ፍሬንህን ያሳርፋል። ጭቃ ላይ ግን የፊት ጎማዎቹን ብቻ በኃይል ከያዛቸው ይንሸራተቱና መሪው አልታዘዝ ይልሃል። ስለዚህ ወደ ዝቅተኛው አውርደው፣ በፍሬን ቀስ ብለህ ውረድ። ሌላም አለ፦ ቦንጋ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልተህ ወዲያው ወደ ጎጀብ ብትወርድ ባትሪው የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው መያዙ ይደክማል። ትንሽ አጉድለህ ውጣ።

ወጣቱ፦ ጎሚስታ ጋ ስሄድ ልጠነቀቅ የሚገባኝ አለ?

አዛውንቱ፦ አለ። አንደኛ፣ ክሪኩን የትም አያስገባ። ጠርዟ ላይ የተመለከተ ማንሻ ቦታ አላት፤ ከመሃል ቢያነሣት ባትሪውን ይሰብረዋል፤ የባትሪውን ዋጋ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ድምፅ እንዲቀንስ ውስጡ ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ ሳይነግሩት የከፈተ ጎሚስታ ይደነግጣል፤ ለመለጠፍ ከቀዳዳው ዙሪያ ስፖንጁን መቁረጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ስኮርት የላቸውም፤ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው የሚሰጡህ። ጎኑ በድንጋይ ከተቀደደ ፈሳሹ አያድንህም። ወደ ዴቻ ስትሄድ ልኩ የሆነ አንድ ስኮርት ጭነህ ሂድ። ነፋሱንም ጎማው ሳይሞቅ፣ በር ሥር በተለጠፈው ቁጥር ልክ አስነፋ፤ የጎሚስታውን ግምት አትመን።

ወጣቱ፦ ገንዘቤ ለሁለት ጎማ ብቻ ቢበቃስ?

አዛውንቱ፦ አዲሶቹን ከኋላ እሠራቸው። ሰው ከፊት ማሠር ይወዳል፤ ግን ዝናብ ላይ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናዋ ትዞራለች፤ እሷን መመለስ ለብዙ ሾፌር አይቻልም። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ፍጥነት ስትቀንስ ይመለሳል።

ወጣቱ፦ አሁን ያሉት አልቀዋል የምለው መቼ ነው?

አዛውንቱ፦ ጥርሱ አልቆ በጥርሶቹ መካከል ያለው ትንሹ ጉብታ ላይ ሲደርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል፤ ያ ያለቀለት ነው። ግን እስከዚያ አትጠብቅ። ኖርዌይ በበረዶ ወራት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ጥርስ ያለው ጎማ እንዳይነዳ በሕግ ትከለክላለች። እኛም ዝናብ ላይ ያንኑ ልክ ብንይዝ ይበጀናል፤ ጥርሱ ካጠረ ውሃውን አውጥቶ መጣል ስለማይችል ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ወጣቱ፦ እንግዲህ የሻጩን የበረዶ ጎማ ትቻለሁ።

አዛውንቱ፦ ደግ አደረግህ። ቅናሽ ከፈለግህ ከቸርኬው ጌጥ ቀንስ እንጂ ከጎማው አቅም አትቀንስ። ነገ ጠዋት ማስመሪያ ይዘህ አራቱንም ጎማ ለካ፤ አንዱ እንኳ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ሰኔ ሳይገባ ቀይር።