በቆሼ ሰማይ ላይ ያለው ብርቱካናማ ግዙፍ

ኮከቡ የሚገኝበት ቦታ

በጥቅምት መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በቆሼ (በአዲስ አበባ የቆሻሻ መጣያ ያለበት ሰፈር) ሰሜናዊ ሰማይ ላይ ከአናት ጥቂት ዝቅ ብሎ የአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ (በአንድ ቅርጽ የተመደቡ ከዋክብት ስብስብ) ይገኛል። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት።

በዚህ ስብስብ ውስጥ 14 አንድሮሜዳ የተባለ ብርቱካናማ ግዙፍ ኮከብ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. ቬሪታቴ የሚል ስም አጽድቆለታል።

ቀለሙና ግዝፈቱ የመጡበት መንገድ

የኮከብ ቀለም የገጹን ሙቀት ያሳያል። በወናፍ እሳት የገባ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፤ ግለቱ ሲጨምር ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም ቢጫ ይሆናል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የቬሪታቴ 4,500 አካባቢ ነው። ብርቱካናማ ኮከብ እንግዲህ ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ነው።

ኮከብ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያበራው በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን (ከጋዞች ሁሉ ቀላሉን) ወደ ሂሊየም እየለወጠ ነው። ይህ ሃይድሮጅን ሲያልቅ እምብርቱ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ይበልጥ ይግላል። በእምብርቱ ዙሪያ የቀረው ሃይድሮጅንም በተራው ኃይል ማመንጨት ይጀምራል፤ የኮከቡ ውጫዊ ክፍል ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ገጹ ይቀዘቅዛል።

የቬሪታቴ ስፋት ከዳር እስከ ዳር የፀሐይን 11 እጥፍ ያህላል። ገጹ ቢቀዘቅዝም እጅግ ሰፊ ስለሆነ በድምሩ ከፀሐይ ከ50 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰጣል።

ደብዝዞ የሚታይበት ምክንያት

ምክንያቱ ርቀት ነው። ኮከቡ ያለው 250 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነው፤ አንድ የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት) 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ምሽት የሚታየው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት መባቻ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

የድምቀት ደረጃ (ማግኒቲዩድ) ቁጥሩ ባደገ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። በጨለማ ቦታ የዓይን ወሰን 6 ገደማ ሲሆን ቬሪታቴ 5.2 ነው።

ከቆሼ ለማየት የሚያስቸግረው ነገር

የከተማ መብራት በአየር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ላይ እየተበተነ ሰማዩን ያነጣዋል። ቆሼ ላይ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተከማቸው ቆሻሻ የሚነሳ ጭስና አቧራ ይጨመርበታል። የሰፈሩ ልጆች ከንጹሕ አየር ጋር የከዋክብትንም ሰማይ ማጣታቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ኢትዮጵያ የሰየመችው ኮከብ

በዚያው በአንድሮሜዳ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ኮከብ አለ፤ ስሙ ቡና ነው፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል። ስያሜው ያምራል፤ አቦል ከቡና የሚቀዳ የመጀመሪያው ነውና። የቡና ድምቀት 7.3 በመሆኑ ያለ መሣሪያ አይታይም። ገና ግዙፍ አልሆነም፤ ከጊዜ በኋላ ግን እሱም እንደ ቬሪታቴ ይለጠጣል፣ ገጹም ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል።