የድንጋይ ፍርፋሪና የጠርሙስ ስባሪ ለሕንፃ ሥራ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት በየቀኑ እየረገጥነው ስለምናልፈው ነገር ነው። ይኸውም ከድንጋይ ጠራቢ እጅ የሚወድቀው ፍርፋሪና በየሜዳው የሚጣለው የጠርሙስ ስባሪ ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር በጠዳ ሜዳ ከብት ስትመልስ በሣር ውስጥ የተሸሸገ ስባሪ እግሯን ሰንጥቋት ሦስት ሳምንት ከትምህርቷ ቀረች። ደኅናውን ጠርሙስ ቆራሌ ይገዛዋል፤ የተሰበረውን ግን የሚፈልገው የለም። አባቴም ድንጋይ ጠራቢ ስለ ሆነ በግቢያችን ጥግ ፍርፋሪ ተከምሮ ይኖራል። እናቴ ደግሞ በቧንቧው ሥር ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት እየላቆጠ ስላስቸገራት፥ ንጣፍ እንዲሠራላት ከለመነች ቆይታለች። ነገር ግን ሲሚንቶ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። እንግዲህ «ከእነዚህ ከሁለቱ ጥራጊዎች አንድ ጥቅም ይገኝ ይሆን?» ብዬ የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «በመጀመሪያ ጎንደርን ያቆመው ምን እንደ ሆነ ተመልከት» አሉኝ።

ጎንደርን ያቆመው ድንጋይና ኖራ ነው። በጣና ዙሪያ በኖራ መገንባት በሰፊው የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ባለው ጊዜ ነው። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፥ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ ዛሬ የምናየው ግንብ ተሠራ። ይህም የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የገባው ሲሚንቶ ለጥንታዊው ግንብ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በኋላ እየተነሣ በቀድሞው ዐይነት በኖራ እንዲተካ ተደርጓል።

የኖራ ሥራው እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ያህል በሆነ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው የካርቦን አየር ይወጣል። የተቃጠለው ውሃ ሲጠጣ እየፈላ ይልማል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ያንኑ የካርቦን አየር ከነፋስ መልሶ እየሳበ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ ውስጡ ሳይደርቅ ዝናብ ቢያገኘው ይፈርሳል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው የጠርሙስ ስባሪ የሚጠቅመው።

ጠርሙስ ከመቶ 70 እጅ የሚበልጠው ሲሊካ የሚባለው የአሸዋ ባሕርይ ሲሆን፥ የቀረው አብዛኛው ሶዳና ኖራ ነው። በኃይለኛ እሳት ከቀለጠ በኋላ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በሥርዐት አይሰለፉም፤ ሰልፋቸውን ሳያበቁ «ባላችሁበት ቁሙ» እንደ ተባሉ ተማሪዎች ተዘበራርቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ጠርሙስ ልሞ ከኖራና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሲሊካው ከኖራው ጋር ይዋሐድና ጠንካራ ሙጫ ይሆናል። ሲሚንቶንም የሚያጠነክረው የዚሁ ዐይነት ሙጫ ነው። ጥቁሩ ድንጋያችን ግን ቀስ ብሎ ስለ ቀዘቀዘ አብዛኞቹ ቅንጣቶቹ ተሰልፈዋል፤ ከኖራ ጋር ብዙም አይዋሐድም። የእርሱ ፍርፋሪ ሥራው የአሸዋን ቦታ መያዝ ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። የጥንት ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ በባሕር ውስጥ እንኳ የሚጠነክር ግንብ ሠርተዋል፤ ያም አመድ በተፈጥሮ እሳት የቀለጠ ጠርሙስ ማለት ነው። በአገራችንም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር እየፈጩ ለገበያ ያቀርባሉ።

ከዚህ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሙከራ ጀመርን። ስባሪውን አጥበን ከወጥ ቤት በራቀ አሮጌ የብረት ሙቀጫ፥ እንዳይቦን ውሃ እያርከፈከፍን ወቀጥነው። ከዚያም በውሃ በጥብጠን በጨርቅ አጠለልነው፤ የዘቀጠውም እንደ ዱቄት የላመ ሆነ። ሦስት ዐይነት ጡብ አበጀን። አንደኛው አንድ ጣሳ ኖራና አራት ጣሳ የድንጋይ ፍርፋሪ ነው። ሁለተኛው አንድ ጣሳ ኖራ፥ አንድ ጣሳ ሻካራ የጠርሙስ ጠጠርና ሦስት ጣሳ ፍርፋሪ ነው። ሦስተኛው ጠጠሩን በላመው ዱቄት ብቻ የተካ ነው። ከየዐይነቱ እኩሌታውን በፀሐይ አሰጣን፤ እኩሌታውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን አርባ ቀን አቆየን።

በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ሲነሡ በእጃችን ተፈረፈሩ። ሦስተኛውም በፀሐይ የደረቀው ተሰነጣጠቀ። ከሁሉ ጸንቶ የተገኘው ጠርሙሱ የላመለት፥ እርጥበቱም የተጠበቀለት ብቻ ነው። ምክንያቱም የሙጫው ሥራ ያለ ውሃ አይፈጸምም፤ የደረቀ ሁሉ የጠነከረ አይደለም።

አባቴ ጡቡን በመዶሻ እጀታ አንኳኩቶ ድምፁን ሰማና «ልጄ፥ ክረምት ያልመሰከረለትን ሥራ አላመሰግንም» አለኝ። ስለዚህ አሥራ ሁለቱን በቧንቧው ሥር አነጠፍናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ሁለቱ ጠርዛቸው ተሸርፎ ነበር፤ አሥሩ ግን ደኅና ናቸው። እናቴ እንስራዋን የምታስቀምጠው በእነርሱ ላይ ነው። ሆኖም ጥንካሬው በመሣሪያ ሳይለካ ጣሪያ ለሚሸከም ግድግዳ እንዲህ ያለውን ጡብ መጠቀም አይገባም።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። ኖራ ዐይንንና ቆዳን ያቃጥላል፤ የድንጋይና የጠርሙስ አቧራም ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ እጅን፥ ዐይንንና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። ደግሞም ሻካራ የጠርሙስ ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ ከጠርሙሱ ጋር ተዋሕዶ ውሃ እየጠጣ የሚያብጥ ነገር ስለሚፈጥር፥ ከጊዜ በኋላ ሥራውን ይሰነጥቀዋል። ጠርሙሱ እንደ ዱቄት ሲልም ግን ይህ ጉዳት እጅግ ይቀንሳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ደኅናውን ጠርሙስ ለቆራሌ እንስጥ፤ የተሰበረውን ግን በሜዳ ከመጣል በአንድ ጉድጓድ እናከማች። በትምህርት ቤታችን ግቢ እንዲህ ያለ አንድ ጉድጓድ ቢቆፈርና በየቅዳሜው ጥቂት ብንወቅጥ፥ በሚመጣው ዓመት የቧንቧችንን ዙሪያ ማንጠፍ እንችላለን። ወላጆችም ፍርፋሪውን፥ መምህራንም ምክራቸውን እንዳይነፍጉን እለምናለሁ። እኅቴ ዛሬ ደኅና ሆና ትሮጣለች፤ ነገር ግን በባዶ እግሩ በሜዳው የሚሮጥ ሕፃን እርሷ ብቻ አይደለችም።