የጁምዓ ማስታወሻ፦ መደበቅ መቆለፍ አይደለም

 

የዛሬው ማስታወሻችን ሚንበር ላይ እምብዛም የማይነሳ ጉዳይ ነው፦ ልጆች ባሉበት ቤት ስለሚቀመጥ መሣሪያ። ከእናንተ መካከል የአባቱን ክላሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየ ያደገ አለ። የአጎቱ ሽጉጥ ትራስ ሥር እንደሚያድር የሚያውቅም አለ። ውጭ አገር ለምትኖሩትም ሱቁን ለመጠበቅ ብሎ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ዘመድ ይኖራችሁ ይሆናል። ቤተሰቡንና ከብቱን ለመጠበቅ ፈቃድ አውጥቶ መሣሪያ የያዘን ሰው ለመውቀስ አይደለም የተነሳነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ባለቤቱ ሲተኛ ወይም ለሶላት ሲወጣ፣ ያ መሣሪያ በማን እጅ ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዘውናል። ምክንያቱንም ነግረውናል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለች። (ቡኻሪ ዘግበውታል) እስቲ አስተውሉ! አይጧ ክፋት አላሰበችም፤ ትእዛዙም የመጣው ለእሷ ሳይሆን መብራቱን ለለኮሰው ሰው ነው። የአምስት ዓመት ሕፃንም ምላጭ ሲስብ ሞት ምን እንደሆነ አያውቅም። መሣሪያውን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ግን ያውቃል።

ስለ መሣሪያማ የመጣው መመሪያ ከዚህም የጠበቀ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰገባው የወጣ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልን ከልክለዋል። (አቡ ዳውድና ቲርሚዚ) በመስጂድ ወይም በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። (ቡኻሪና ሙስሊም) በወንድሙ ላይ ብረት የሚያነጣጥርን ሰው ደግሞ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች ቢሆኑ እንኳ፣ እስኪተው ድረስ መላእክት እንደሚረግሙት ነግረውናል። (ሙስሊም) ለቀልድም ሆነ ለቲክቶክ ቪዲዮ ብሎ ጓደኛው ላይ ሽጉጥ የሚያዞር ወጣት ይህን ሐዲስ ደግሞ ደጋግሞ ያንብበው። ለሰይፍና ለቀስት ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ለሚገድለው ጠመንጃ ምን ያህል ይገባ ይሆን?

ብዙ ወላጆች «ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም» ይላሉ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የራሳችሁን ልጅነት አስታውሱ። እናታችሁ የደበቀችውን ከረሜላ አላገኛችሁም? ለዒድ የተገዛውን ልብስ ከበዓሉ በፊት ፈልጋችሁ አልለካችሁም? ፍራሽ ሥርም ሆነ ቁም ሳጥን ላይ ያለ ነገር ከልጅ አይሰወርም። መደበቅ መቆለፍ አይደለም።

«አላህ ይጠብቃቸዋል» የሚልም አለ። አዎ፣ ጠባቂው አላህ ነው። ግን ግመሉን ፈትቶ ልተወው ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነገሩት። (ቲርሚዚ) የመሣሪያ ማሰሪያው ቁልፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ. መሣሪያው ባዶ ሆኖ ይቀመጥ። የጥይት ካዝናው ስለተነቀለ ብቻ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንድ ጥይት ውስጡ ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው «ባዶ ነው» ብሎ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ማረጋገጥ ያለበት ባለቤቱ ነው፤ እናንተ አትሞክሩት።

2ኛ. መሣሪያው በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ። ጥይቱ ደግሞ ለብቻው፣ ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

3ኛ. ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ይሁን። ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ እንዳልተቆለፈ ይቆጠራል።

4ኛ. ባለቤቱ ከጥበቃ ወይም ከመንገድ ደክሞ ሲገባ፣ ከመቀመጡ በፊት መሣሪያውን ወደ ቦታው ይመልስ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ልጆች ላሉበት ቤት የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ባዶ፣ የተቆለፈ፣ ጥይቱ የተለየ። በዚያች አገር ከ2020 ጀምሮ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት የጦር መሣሪያ ሆኗል፤ ከመኪና አደጋም በላይ። ፍርድ ቤቶችም ወላጆችን መጠየቅ ጀምረዋል። በኅዳር 2021 በሚሺጋን ግዛት አንድ የ15 ዓመት ልጅ አባቱ በገዛለት ሽጉጥ 4 ተማሪዎችን ገደለ። በ2024 እናቱና አባቱ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በአገራችንም በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

የዱንያ ፍርድ ይህ ከሆነ የአኺራውስ? በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በስህተት ለተፈጸመ ግድያ እንኳ የደም ካሳንና ከፋራን ደንግጓል። ዝርዝሩን ከዑለሞች ጠይቁ። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ «ሳላውቅ ነው» ማለት የነፍስን ዋጋ አያረክሰውም።

«እኔ መሣሪያ የለኝም፣ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ሁላችንም ስለ መንጋችን እንጠየቃለን። ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ከሆናችሁ ትንንሾቹ አማናችሁ ናቸው። አባታችሁ ዘና ባሉበት ሰዓት፣ በአደብ፣ «አባ፣ ትንንሾቹ እያደጉ ነው፤ ሳጥን ገዝተን ብንቆልፈው ጥሩ አይሆንም ወይ?» በሏቸው። ከቻላችሁ ሳጥኑን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጧቸው፤ ከዚህ የተሻለ ሀዲያ ከየት ይገኛል? ታናናሾቻችሁንም አስተምሩ፦ መሣሪያ ካዩ እንዳይነኩ፣ ከዚያ ክፍል እንዲወጡ፣ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ። ይህ ትምህርት ግን ቁልፉን አይተካም፤ ሕፃን የተነገረውን ይረሳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ቁልፉ ለሕፃን ብቻ አይደለም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው ልቡ የሚጠብበት፣ ሕይወት የሚጨልምበት ሌሊት ሊመጣበት ይችላል። ያ ሌሊት ያልፋል፤ የተተኮሰ ጥይት ግን አይመለስም። እንዲህ የተጨነቀ ወንድም ወይም እህት ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ለቤተሰብና ለሐኪም ተናገሩ፣ ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያም ከአጠገቡ እንዲርቅ አድርጉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ዛሬ ከጁምዓ ስንመለስ ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፣ ሶለዋት እናብዛ፣ ከዚያም ቤታችንን እንይ። ያልተቆለፈ ነገር ካለ ሳይመሽ ይቆለፍ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናችንን የምንወጣም ያድርገን። ኣሚን። ለቤተሰብና ለጓደኛ አድርሱት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።