ኩበት፣ ጥራጊና ባዮጋዝ፤ የሚጣለውን ወደ ሀብት ስለ መለወጥ



በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚጓዝ ሰው በየግድግዳውና በየካቡ ላይ ተጠፍጥፎ የሚደርቅ ኩበት ያያል፡፡ ደን በተመናመነበት በዚያ ብርዳም አገር ኩበት እንጀራ መጋገሪያ፣ ወጥ መሥሪያና እሳት መሞቂያ ነው፡፡ ስለዚህ እናቶችን «ኩበት አታንድዱ» ብሎ መገሠጽ፣ በምትኩ የሚሰጥ ነገር ከሌለ፣ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፡፡ በዚህ ትምህርታችን የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፡- ያው እበት ለምድጃም ለማሳም ሊበቃ ይችላልን?

1. የምናጣው ምንድን ነው?

ገበሬው ራሱ እንደሚያውቀው የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ገብሱን አሳምሮ ያበቅላል፤ የበረቱ ጥራጊ የሚደፋው በዚያ ነውና፡፡ እበት ሲነድ ለሰብል የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ አፈሩን የሚያያይዘው ብስባሽም ይቀራል፡፡ የተራቆተውን አፈር ክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል፡፡ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል የሚጎዳውም በዙሪያው ካሉት ተዳፋቶች ከሚታጠበው አፈር የተነሣ ነው፡፡ ስለዚህ የገጠሩ ጉዳት ከተሜውንም ይነካል፡፡ ጭሱ ደግሞ በምድጃው ዙሪያ የሚውሉትን የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፡፡

2. ባዮጋዝ እንዴት ይሠራል?

እበትና ውሃ በእኩል መጠን ተበጥብጠው አየር ወደማይገባበት የተገነባ ጉድጓድ ሲገቡ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት እበቱን ያብላሉታል፡፡ በዚህም ሚቴን የሚበዛበት ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፡፡ በረት ውስጥ ከሚያድሩ አራት ከብቶች የሚገኝ 30 ኪሎ ያህል እበት በቀን 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጋዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም አንድ ምድጃ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያነዳል፡፡ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭ የማዳበሪያ ኃይሉን አለማጣቱ ነው፡፡ እንግዲህ ጥያቄያችን መልስ አገኘ ማለት ነው፤ ያው እበት ወጥ ከሠራ በኋላ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል፡፡

ይህ ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም፡፡ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሞክሮ ነበር፡፡ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥራውን ጀመረ፡፡ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ለመገንባት ታቅዶ የተሠሩት 8,000 ያህል ነበሩ፡፡

3. ችግሮቹን አንሸሽግ

ረቂቃኑ ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ፤ ስለዚህ በደባርቅ ብርድ የሚገኘው ጋዝ ከቆላው ያንሳል፡፡ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር ሸክሙ በሴቶች ጀርባ ላይ ይጨመራል፡፡ የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ ምጣድ አይበቃም፡፡ ቧንቧው ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ ካልተገኘም ጉድጓዱ ባዶውን ይቀራል፡፡ ከብትና ውሃ ለሌለው ቤተሰብ የሚሻለው ኮምፖስት ነው፤ ቅጠል፣ ገለባ፣ አመድና ጥቂት እበት እየተደራረቡ፣ እየረጠቡና እየተገላበጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ብስባሽ ይሆናሉ፡፡ በደጋው ብርድ ግን ጊዜው ይረዝማልና ትዕግሥት ያሻል፡፡

4. የከተማው ጥራጊ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፡፡ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፡፡ በዚያው አካባቢ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታነጸው የረጲ ጣቢያ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የታቀደውም በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነበር፡፡ ይሁን እንጂ የከተሞቻችን ጥራጊ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ በመሆኑ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ለእሳት አይመችም፡፡ የሚሻለው ማብላላት ወይም ማበስበስ ነው፡፡

ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ በየቤቱ መለየት ነው፡፡ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም ይህንኑ አዝዞ ነበር፡፡ ፌስታል የተቀላቀለበት ልጣጭ ለማሳ አይሆንም፤ የተለየው ግን ሀብት ነው፡፡ እናቶቻችን የጠላውን አተላ ለከብት ሲሰጡ፣ ቆራሌው ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ፣ ይህን ትምህርት ከእኛ ቀድመው አስተምረውናል፡፡

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የመጣል ልማድ ምድርንም ድሆችንም እንደሚጎዳ አስገንዝበዋል፡፡ በቆሼ የሆነውን ያየን ሁሉ ይህን አንዘነጋውም፡፡

ለውይይት፡-
ሀ) በቤታችን ከሚጣለው ውስጥ የሚበሰብሰው የትኛው ነው? ወዴትስ ይሄዳል?
ለ) በቁምስናችን ግቢ አንድ የኮምፖስት ጉድጓድ ቢቆፈር ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?
ሐ) በመንደራችን ለባዮጋዝ የሚበቃ ከብትና ውሃ ያለው ማን ነው? ለሌለውስ ምን እናደርጋለን?