ክኖሶስ ላይ የትኛው ድንጋይ የማን ነው?

ሐዲስ ኪዳንን የሚያነብ ሰው ለቀርጤስ እንግዳ አይደለም። ጳውሎስ ቲቶን ትቶት የሄደው በዚህች ደሴት ነው፤ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድም መርከቡ በደቡብ ዳርቻዋ፣ መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ቆሞ ነበር። ቀርጤስ ዛሬ ከግሪክ ደሴቶች ትልቋ ስትሆን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከየባሕር ዳርቻው ሆቴል አውቶቡሶች በማለዳ ጎብኚ ጭነው ይወጣሉ። የአብዛኞቹ መድረሻ ከሄራክሊዮን ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ክኖሶስ፣ የደሴቲቱ ጥንታዊ ሕዝብ የሆኑት የሚኖሳውያን ቤተ መንግሥት ነው።

ስለ አስጎብኚው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በግሪክ የቅርስ ስፍራ ውስጥ ገብቶ ማስጎብኘት የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ «መኪና ከሹፌር ጋር» ተብሎ የሚሸጠው ጉዞ በር ድረስ ብቻ ነው፤ ሹፌሩ በመንገድ ላይ የቱንም ያህል ቢያጫውታችሁ ከበሩ በኋላ ብቻችሁን ናችሁ። በሌላ ቦታ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ክኖሶስ ላይ ግን ያሳስባል፤ ምክንያቱም ዓይን የሚያየውና በእርግጥ ጥንታዊ የሆነው አንድ አይደሉም።

ቦታውን በ1878 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የቆፈረው የሄራክሊዮን ነጋዴ የነበረው ሚኖስ ካሎኬሪኖስ ነው። ዝናው ግን የሄደው በ1900 መሬቱን ገዝቶ ሰፊውን ቁፋሮ ለጀመረው እንግሊዛዊ፣ ለአርተር ኢቫንስ ነው። ኢቫንስ ያገኘው ቤተ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ዓመት ገደማ የተመሠረተ፣ ፈርሶ እንደገና የተሠራ፣ በኋላም በእሳት የጠፋ ነበር። የሕንፃው ዓምዶችና ማገሮች እንጨት ስለነበሩ ተቃጥለው ወይም በስብሰው አልቀዋል። አፈሩ ሲነሣ ላይኛው ፎቅ የሚደገፍበት አጣ፤ በየክረምቱም ዝናቡ የተገለጠውን ግድግዳ ይሸረሽረው ጀመር። ኢቫንስ በመጀመሪያ በእንጨት ደገፈው፣ እንጨቱ አላዋጣ ሲል በ1920ዎቹ ወደ ኮንክሪት ዞረ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን በማትረፍ አልቆመም፤ ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ነበር ብሎ ያሰበውን ፎቅ፣ ደረጃና በረንዳ ጨምሮ ገነባ። ፎቶግራፍ የሚበዛባቸው ቀያይ ዓምዶች ከላይ ወፍረው ወደ ታች እየቀጠኑ የሚወርዱ ናቸው። ቅርጹ የሚኖሳውያን ነው፤ አካሉ ግን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ኮንክሪት ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? እንጨት መስሎ የተቀባውን ማገር ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ኮንክሪት ነው። የሚያብረቀርቅ ፍሬ ያለው፣ ዝናብ ቦርቡሮት የስኳር ድንጋይ የመሰለው ንጣፍ ግን ጂፕሰም ነው፤ በአመዛኙም የጥንቱ ነው። በዙፋን ክፍሉ ውስጥ ያለው የድንጋይ ወንበር ቁፋሮው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ተገኘ። በግራና በቀኙ ያሉት ክንፋም አውሬዎች ደግሞ ከቁርጥራጭ ተነሥቶ የተሣለ አዲስ ሥዕል ናቸው። ንጉሥ ይቀመጥበት ነበር ወይስ ካህን፣ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም።

ግምት ምን ያህል ሊያስት እንደሚችል ለማየት አንድ ሥዕል ይበቃል። ኢቫንስ ከጥቂት የልስን ስብርባሪዎች ተነሥቶ የሳፍሮን አበባ የሚለቅም ልጅ አስጠገነ። የአካሉ ቀለም ሰማያዊ መሆኑ አላሳሰበውም። በኋላ ግሪካዊው አርኪዮሎጂስት ኒኮላዎስ ፕላቶን ስብርባሪዎቹን እንደገና ሲመረምር የጅራት ምልክት አገኘ፤ «ልጁ» ዝንጀሮ ነበር። ጥሩ አስጎብኚ ይህን አይደብቅም። ሁሉንም «እንዲህ ነበር» እያለ በእርግጠኝነት የሚያስረዳችሁን ሰው ግን ተጠራጠሩት።

ለእኔ ክኖሶስ ላይ ከሥዕሎቹ ይልቅ የሚያስደንቁት ግምጃ ቤቶቹ ናቸው። ረዣዥምና ጠባብ ክፍሎች ተርታውን ተደርድረዋል፤ ቁመታቸው ሰው የሚያህል የሸክላ ጋኖችም ቆመውባቸዋል። ዘይቱና እህሉ እዚህ ይከማች ነበር። ስንት በግ፣ ስንት ሱፍ፣ ስንት ዘይት እንደገባ ጸሐፊዎቹ በእርጥብ ጭቃ ላይ ይመዘግቡ ነበር። ጭቃው አልተተኮሰም፣ ለዘለቄታ ታስቦም አልተሠራም። ቤተ መንግሥቱን ያጠፋው እሳት ሰሌዳዎቹን ጠብሶ አቆያቸው። በ1952 ማይክል ቬንትሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጽሕፈቱን ፈታው፤ ቋንቋው ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ የሚቀድመው ሌላው የደሴቲቱ ጽሕፈት ግን ዛሬም አልተፈታም።

ጊዜና አቅም ያለው ሰው ክኖሶስን ብቻ አይቶ ባይመለስ መልካም ነው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜሳራ ሜዳ የሚወርደው የሙሉ ቀን ጉዞ ጎርቲንንና ፌስቶስን ያገናኛል። ጎርቲን በሮማውያን ዘመን የቀርጤስ ዋና ከተማ ነበረች፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም እዚያው ቆሟል። የቲቶ ራስ አፅም በ1669 ቬኔሲያውያን ደሴቲቱን ለኦቶማን ሲለቁ ይዘውት ሄደው በ1966 ወደ ሄራክሊዮን ተመልሷል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ከ600 በላይ መስመር ያለው ሕግ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የአምስተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። መስመሮቹ በሬ ሲያርስ ትልሙ ጫፍ ደርሶ እንደሚዞረው፣ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ይዘቱም ቀላል አይደለም። ባልና ሚስት ሲፋቱ ሴቲቱ ይዛ የመጣችውን ንብረት ትወስዳለች፤ ከዚያ ንብረት ከተገኘው ምርትና በእጇ ከሸመነችውም ግማሹን ታገኛለች። ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ ድርሻዋ ግን የወንዱ ግማሽ ነው።

ሌላውን የሚኖሳውያን ቤተ መንግሥት፣ ፌስቶስን፣ ከ1900 ጀምሮ የቆፈሩት ጣሊያኖች ናቸው። እነርሱ በአብዛኛው እንዳገኙት ትተውታል፤ ቀይ ዓምድ የለ፣ ሥዕል የለ። ጎብኚ ቶሎ ይሰለቸዋል። ክኖሶስን አይቶ ለመጣ ሰው ግን ትልቅ ትምህርት ነው፤ የኢቫንስ ኮንክሪት ባይጨመርበት ኖሮ የሚኖሳውያን ቤተ መንግሥት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ይህ ኮረብታ ነው።

የክኖሶስ እውነተኛ ሥዕሎች፣ በበሬ ላይ የሚዘሉ ሰዎችን የሚያሳየውን ጨምሮ፣ በ1908 ከፌስቶስ የተገኘው ባለ ምልክት የሸክላ ዲስክም ጭምር፣ ያሉት በሄራክሊዮን አርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። በቦታው ግድግዳ ላይ የምታዩት ቅጂ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አስጎብኚው ፈቃድ አለው ወይ፣ የመግቢያ ቲኬቱ በዋጋው ውስጥ ነው ወይ፣ ሙዚየሙስ ይጎበኛል ወይ? ሙዚየሙ ከሌለበት፣ በሌላ ቀን በራሳችሁ ግቡበት እንጂ አትለፉት።