የሕግ ምክር፦ 18 ሳይሞላት ማለቅ ያለበት ጉዳይ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጉለሌ፣ ቀጨኔ አካባቢ ነው። ከማሳደጊያ በአደራ የወሰድኳት ልጅ በመጪው ሚያዝያ 18 ዓመት ይሞላታል። ዘመዶቼ «ከዚያ በኋላ ምንሽ ናት?» ይሉኛል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ 18 ስለሞላት ከቤትዎ ትውጣ የሚል ሕግ የለም። አካለ መጠን አደረሰች ማለት በራሷ ስም ውል ትፈርማለች፣ ትከሳለች፣ ገንዘቧን ታንቀሳቅሳለች ማለት ነው። አብራችሁ መኖራችሁ የሁለታችሁ ፈቃድ ነው።

የዘመዶችዎ ጥያቄ ግን፣ አነጋገሩ ቢያስከፋም፣ ሕግ አለው። በአደራ ማሳደግ የልጅነት መብት አይፈጥርም። ነገ ያለ ኑዛዜ ቢያልፉ፣ ዘመዶችዎ የወራሽነት ማስረጃ ሲያወጡ የእሷ ስም አይገባም።

በሕግ ልጅዎ የሚያደርጋት ጉዲፈቻ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። ሆኖም በጉዲፈቻ ሊወሰድ የሚችለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ብቻ ነው። ከሚያዝያ በኋላ ይህ መንገድ የለም። በ2010 ዓ.ም ጉዲፈቻ ጭራሹን የቀረ የሚመስላቸው አሉ፤ የተከለከለው ግን ለውጭ ዜጎች መስጠት ነው። እርስዎ 25 ዓመት ያለፈዎት መሆን አለብዎት፤ ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎም አብረው ይስማሙ። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ዳኛው የልጅቷንም ሐሳብ ይሰማል። ቀጠሮ ስለሚራዘም ዛሬውኑ ማሳደጊያውን ያነጋግሩ።

ጊዜው ካመለጠ ኑዛዜ ይቀራል። በአራት ምስክሮች ፊት ሲደረግ፣ በእርስዎና በእነሱ ፊት መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ ይጻፍ፤ ሁላችሁም እዚያው ፈርሙ። «ተነበበ» የምትለው ቃል ቀርታ የፈረሰ ኑዛዜ ብዙ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን አይናዘዙበት፤ ቤቱ የመንግሥት ነው።

የወላጆቿ ውርስ ካለስ? በሞግዚት እጅ የቆየ ንብረት ካላት፣ ሞግዚቱ ሒሳቡን ሊያስረክባት ይገባል። ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ደግሞ አትዘግይ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት ወራሽነቷንና መያዙን ካወቀች ጀምሮ 3 ዓመት ካለፈ ክሷ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። የዳኝነት ክፍያ ካቃታት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ታመልክት።

ወረዳው ላይ በቤተሰብ ቅጽዎ መመዝገቧንም ያጣሩ፤ መታወቂያ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷንና ከማሳደጊያው የተሰጡ ሰነዶችን ዋናውን እሷ ትያዝ፣ ኮፒው እርስዎ ጋ ይሁን።