የፈረንጅ ውሻ ወይስ የእኛ ውሻ?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ውሻ ነው። "ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?" ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያከራከረ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ጅብ አጥራችንን ጥሶ ሁለት ፍየል በላብን። አንዷ ለእኔ ደብተርና ጫማ መግዣ ልትሸጥ የታሰበች ነበረች። የድሮው ውሻችን አርጅቶ ጆሮው አይሰማም፤ ጅቡ ሲገባ ተኝቶ ነበር። ድሬዳዋ ከተማ በዘበኝነት የሚሠራው አጎቴ ይህን ሲሰማ፣ "የምጠብቀው ግቢ ያለችው ጀርመን ሸፐርድ ወልዳለች፤ አንድ ቡችላ በነጻ ላምጣላችሁ" አለ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የሀበሻ ውሻም ወልዳ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ፊልም ላይ ሌባ ሲያሳድድ ያየውን ውሻ ነው የሚፈልገው፤ "አቦ፣ ይሄ እኮ የፖሊስ ውሻ ነው!" ይላል። አባቴ ግን "ፍየል የሚያግደው እሱ ነው፤ እሱ ይምረጥ" ብሎ ነገሩን በእኔ ላይ ጣለው።

እኔም መምህራንን፣ የከብት ሐኪምና ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ስሙ ነው። "ሸፐርድ" ማለት በእንግሊዝኛ የበግ እረኛ ማለት ነው። ይህ ውሻ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት እንደ እኔ እረኛ ነበር ማለት ነው! ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1899 በጀርመን አገር ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን የበግ ውሾችን እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ሥራው በጎቹ ወደ ሰው አዝመራ እንዳይገቡ ዳር ዳሩን እየተመላለሰ እንደ አጥር መሆን ነበር። ይህን የሚያደርገው ግን ጌታው ሲያዘው ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። ብልህ ስለሆነ ሥራ ካጣ ሥራ ይፈጥራል፤ ጫማ ይበላል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ራሴ 36 ኪሎ ነኝ። እንግዲህ አስቡት፣ እኔን የሚያህል ፍጡር በየቀኑ ጥሩ ምግብ ሊበላ ነው። እኛ ቤት ሥጋ የምናየው በዓረፋና እንግዳ ሲመጣ ነው። ፀጉሩም ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅም፣ ከውስጥ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ለጀርመን ብርድ ጥሩ ነው፤ ለግንቦትና ለሰኔ ፀሐያችን ግን ጥላና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ደግሞ እህቴን ጠይቋት።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ውሻ ቤት አይገባም፤ ለከብትና ለማሳ ጥበቃ ደጅ ይኖራል። ጀርመን ሸፐርድ ግን ከሰው ጋር መዋል የሚወድ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከታሰረ ይከፋል፣ ተናካሽም ይሆናል። ይህን ስሰማ ለቡችላው አዘንኩለት።

የእኛን ውሻ ማንም መኮንን መርጦ አላራባውም። የመረጠው ኑሮው ነው፤ ፀሐዩን፣ ረሃቡንና በሽታውን የቻለው ቀርቶ ወለደ። ፀጉሩ አጭር ነው፣ ሰውነቱ ቀለል ያለ ነው፣ የማሽላ እንጀራ ትራፊ በልቶ ያድራል። አንድ ሽማግሌ እንደነገሩኝ ቡችላው ገና በሁለት ወሩ ከግልገሎች ጋር ካደረ ፍየሎቹን እንደ ወንድሞቹ ያያል፤ ማንም ሳያዘው አብሯቸው ይውላል። እውነት ለመናገር ጥፋትም አለው። ዕንቁላል ይሰርቃል፣ ሌሊት ይዞራል፣ ከማያውቀው ውሻ ጋር ይጣላል።

ወንድሜ "የሀበሻ ውሻ ጅብ አያሸንፍም!" አለኝ። ልክ ነው። ጅብ 60 እና 70 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ሸፐርዱም ቢሆን ብቻውን አያሸንፈውም። ውሻው የሚፈለገው ጮሆ እንዲያነቃን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአባቴና የባትሪው ነው። ስለዚህ የጎረቤታችንን ቡችላ መረጥኩ። ከተማ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፊ የግንብ አጥር ግቢ፣ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ሸፐርዱን ቢወስድ እኔ አልቃወምም። ወንድሜ ግን ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የከብት ሐኪሙ "የቱንም ብትመርጥ ካልተከተበ አደጋ ነው" አለኝ። የውሻ እብደት በሽታ በተነከሰ ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ።

ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በጣም ረጅም ነው፣ እኔ በሰዓት ሞክሬዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ነው" ብላችሁ ከቤተሰብ አትደብቁ፤ ቅጠል አስሮ መቀመጥም አያድንም። ክትባቱ የሚሠራው ምልክቱ ሳይጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ያበደ ውሻ የነከሰውን ጆዜፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አትርፎታል። የ9 ዓመት ልጅ ማለት የእኛ 3ኛ ክፍል ልጅ ማለት ነው። የነከሰውን ውሻም ቶሎ አትግደሉት፤ ባለቤት ካለው ታስሮ ለ10 ቀን በባለሙያ ይታያል።

የእኛ ቡችላ ጥቁር ስለሆነ ስሙን ጉራቻ አልነው። ሲከተብ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ዝም ሲል የጮኸችው እህቴ ናት። አሁን አምስት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ጮኸና ሁላችንም ዱላና ባትሪ ይዘን ወጣን። አጥሩ ሥር የቆመው የጎረቤታችን አህያ ነበር። አባቴ ሳቀና ጉራቻን "ጎበዝ" አለው፤ ወንድሜም በማግስቱ ከራሱ እንጀራ ቆርሶ ሲጥልለት አየሁት።